የጋዲሴ እጆችና የሳሙናው ፍሬ

ለውድ እኅቴ ለእትዬ አስካለ፤
ዲላ።

እንደምን ከርመሻል፣ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃው ላይ ስትወጪ አሁንም ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ትጠሪያቸዋለሽ ወይስ በግማሾቹ ብቻ መድረስ ጀምረሻል? የጋሽ ዳኜስ ደም ግፊት? እሳቸው ጨው መተዋቸውን ጽፈውልኛል፤ አንቺ ደግሞ ገበታ ላይ ያየሽውን ጻፊልኝና ሁለቱን አስታርቄ እውነቱን አገኘዋለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከጥርሶቼ አንዱ ተሰናብቶኛል፤ የቀሩት ለጊዜው አብረን እንቆያለን ብለዋል።

ይህ ደብዳቤ ብቻውን አልመጣም። የአውቶቡስ ሾፌሩ ለሚ አብሮ የሚያደርስልሽ ትንሽ ከረጢት አለ። እንደምትቸኩዪ አውቃለሁና አስቀድሜ ልለምንሽ፤ ደብዳቤውን ሳትጨርሺ አትክፈቻት። ውስጧ ያለው የሚበላ ይመስላል። አይበላም። የጋዲሴ እናት አንዱን ቀምሳ እስከ ማታ ማንንም አላናገረችም፤ ይህን እንደ ጥቅም ቆጥሬ የጻፍኩት እንዳይመስልሽ።

በስልክ እንዳልነግርሽ ነገሩ ረጅም ነው፤ ኔትወርኩም ድንበር ሲሻገር የወሬያችንን ግማሽ ለሁለቱ መንግሥታት እያከፋፈለ ያስቀረዋል። እኔ ደግሞ ከደስታዬ የተነሣ መቆራረጥ አልፈልግም። አዎ፣ ከደስታዬ። እኔ ነኝ፣ ወልደየሱስ፤ ሰው አልተቀየረብሽም።

በመጀመሪያ ግን ይቅርታ ልጠይቅሽ። ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «ልጅቷ የጸጉር ቤት ከፈተች አላችሁኝ፤ አክስቷን በሁለት መስመር ለመጠየቅ ግን እጇ ታሰረ» ብለሽ ነበር። ጋዲሴ ያን አንብባ አለቀሰች። እኔ «ሥራ በዝቶባት ነው» ብዬ መለስኩልሽ። ዋሽቼሻለሁ። እጇ በእርግጥም ታስሮ ነበር፤ በፋሻ።

እዚህ ሞያሌ ሄሉ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ሁለት ወንበርና አንድ የጸጉር ማድረቂያ ካስክ አስገብታ እንደጀመረች ታውቂያለሽ። ቤቱ የሀላቄ ነው፤ ፍየሎቹን ከተከራዮቹ አስበልጦ የሚወድ፣ ግን ክፋት የሌለው የቦረና ሽማግሌ። በሦስተኛው ወር የልጅቷ ጣቶች ይቀሉ ጀመር። ቀጥሎ ቆዳው ተሰነጣጠቀ። ቀኑን ሙሉ እጇ ሻምፖ ውስጥ ነዋ። ጓንት ገዛንላት፤ በዚህ ሙቀት ጓንቱ ውስጥ ላብ ተጠራቅሞ ባሰባት። ቅባት ብንለዋውጥም አልሆነም። ክሊኒክ ያለው ነርስ ጄምስ እጇን ገልብጦ አየና፣ «ወይ ሻምፖውን ወይ ሥራውን ተዪ» አላት። ሻምፖ የሌለው የጸጉር ቤት ምን እንደሚመስል ግን አልነገራትም።

እስክሪብቶ መያዝ አቃታት። ወጥ ሲነካት ስለሚያቃጥላት እናቷ ታጎርሳት ጀመር፤ የሃያ አራት ዓመት ሴት ናት እንግዲህ። የአንዲት ደንበኛ ነጭ ፎጣ ላይ ደም ከታየ በኋላ ደግሞ ሰው ቀነሰ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ምሳ እየበላን፣ ታኅሣሥ ሲያልቅ ቁልፉን ለሀላቄ እንደምታስረክብ ነገረችን። ስትናገር አላለቀሰችም። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

ሻምሳ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ሻምሳ ከናይሮቢ ጨርቅ እያመጣች የምትነግድ ጎረቤታችን ናት፤ ድምጿ ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። እዚያ አንድ የህንዶች ቅመም ሱቅ ውስጥ ቡናማ፣ ጭምድድ ያለ ደረቅ ፍሬ አይታ ምንነቱን ብትጠይቅ ባለሱቋ፣ «ሪታ ይባላል፤ እናቶቻችን ጸጉርም ገላም የሚያጥቡን በዚህ ነው፤ ዛፍ ላይ የሚበቅል ሳሙና በይው» ብላታለች። ይዛው መጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈችውና፣ «ምዋሊሙ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ የምታነበው ለመቼ ነው? እስቲ ልጅህን አድንበት» አለችኝ። ምዋሊሙ እዚህ መምህር ማለት ነው፤ ጡረታ ብወጣም ስሙ ጡረታ አልወጣም።

እኔም አንዱን አንስቼ አሸተትኩ፣ ውሃ ነክሬ በጣቴ አሸት አሸት አደረግሁት። አረፋ ደፈቀ! እትዬ፣ ያን አረፋ ሳይ ልቤ ዘለለ። «ይሄማ የኛው እንዶድ ነው!» ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። እንዶድ ከሆነ ደግሞ አዘገጃጀቱን ከእኔና ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? እናታችን ጋቢ ስታጥብ የወቀጥነው ስንት ቁና ነው! ፍሬው እንዳለ ይወቀጣል፣ አለቀ።

ሙቀጫ ተዋስኩ። የእንዶድ ፍሬ የዋህ ነው፣ ገና ሲነኩት ይደቅቃል። ይሄኛው ግን ሆዱ ውስጥ ጥቁር፣ ድብልብል፣ እንደ ብይ የጠነከረ ዘር ደብቋል። ዘነዘናው ሲያርፍበት ልጣጩ ቀረና ዘሩ ተስፈነጠረ። እኔም ይበልጥ በርትቼ ወቀጥኩ፤ የተማረ ሰው ሲሳሳት እንደሚበረታ ታውቂያለሽ። አንዱ ቆርቆሮው ላይ ጮኸ። አንዱ የጋዲሴን እናት ድስት መታ። ሦስተኛው በበሩ ጎንበስ ብሎ እየገባ የነበረውን ሀላቄን ግንባሩን አገኘው። ሀላቄ ግንባሩን ይዞ ዘሩን ከመሬት አነሣ። ኋላ፣ «ምዋሊሙ፣ ኪራይ ልጠይቅ አልመጣሁም እኮ፤ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው» አለ።

ከዘሩ ስብርባሪ ጋር የወጣውን ነገር በውሃ በጠበጥኩት። ራሴን ጸጉር ከለቀቀው ስለቆየ ሙከራው በጺሜ ላይ ሆነ። ስብርባሪው ፊቴን ቧጠጠኝ፣ ውሃውም ዓይኔ ገባ። እትዬ፣ ያኔ አስታወስኩሽ። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ወንዝ ዳር ራሴን በእንዶድ አጥበሽኝ ዓይኔ ሁለት ቀን አብጦ የሰነበተውን። አንቺ «ጨፍን ብየዋለሁ» ስትዪ እኔ «አላለችኝም» ብዬ ይኸው ሃምሳ አራት ዓመት ተከራክረናል። ግቢው መሃል ዓይኔን ይዤ ስዞር ሳስበው፣ ብለሽኝ ነበር መሰለኝ።

በማግስቱ ሻምሳ ፊቴን ስታይ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። «ዘሩንም ወቀጥከው? ዘሩ ይጣላል እኮ! ሴትዮዋ ልጣጩን ነው ያለችኝ!» ለምን ትናንት እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፣ «መች አስጨረስከኝ? እንዶድ ነው ብለህ ሙቀጫ ፍለጋ ሮጥክ!» አለች። የጋዲሴ እናት ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሊቁ» ትለኛለች። በአክብሮት አይደለም።

ትክክለኛው አሠራር ቀላል ነው፤ ከረጢቷን ስትከፍቺ እንዲህ አድርጊ። ዘሩን አውጥተሽ ጣዪው። የስምንት ወይም የዘጠኝ ፍሬ ልጣጭ በሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውሃ ዘፍዝፈሽ አሳድሪ። ጠዋት ለስለስ ባለ እሳት ሩብ ሰዓት ያህል አፍዪውና ሲበርድ በጨርቅ አጥልዪው። የሻይ መልክ ያለው ውሃ ይወጣል። ሽታው የኮመጠጠ ፍራፍሬ ነው፤ ሽቶ የለመደ አፍንጫ ቅር ይለዋል። ከሦስት ቀን በላይ አታቆዪው፤ በአምስተኛው ቀን የሚሆነውን እኔ አሽትቼልሻለሁ።

ጋዲሴ መጀመሪያ ክርኗ ላይ ቀብታ አንድ ቀን ጠበቀች። አላቃጠላትም። የእናቷን ጸጉር አጠበችበት፤ ማበጠሪያው ሳይዝ ወረደ። ከዚያ ሻምፖውን ጠቅልላ አስቀመጠችና ደንበኛ ጠበቀች።

የመጀመሪያዋ ካልቱማ ነበረች፣ ከቡቲዬ መንደር የምትመጣ፣ ጸጉሯ ወገቧን የሚነካ ሴት። ሴቶች ሲታጠቡ እኔ አልገባም፤ ከመጋረጃው ውጭ መጽሐፍ ይዤ እቀመጣለሁ። የዚያን ቀን አንድም ገጽ አልገለጥኩም። «ጋዲሴ፣ ሳሙና አለቀብሽ እንዴ? ይሄ ምን ዓይነት አረፋ ነው? እኔ ዛሬ ሰርግ አለብኝ እኮ!» ስትል ሰማሁ። ልጄ ማጠቧን ቀጠለች። አንድ ጆግ ውሃ ሲፈስ ሰማሁ፤ ሌላም ተጨመረ፤ ከዚያ ቆመ። እዚህ ውሃ በአህያ ጀርባ እንደሚመጣ ጽፌልሻለሁ፤ የካልቱማን ጸጉር ከሻምፖ ለማጥራት ደግሞ አንድ ጀሪካን እስከ መጨረሻው ጠብታ ይንጠፈጠፋል። ካልቱማ ቀና ብላ ጀሪካኑን አየችው መሰለኝ፣ «ዋላሂ ግማሹ አለ!» ብላ ጮኸች። «ግማሹ አለ! አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነገር ከየት ነው የመጣው? ከእናቴ ቤት እስከ አማቴ ቤት በዚህ ነው የምንታጠበው!»

ስለ ጸጉሩ ልስላሴ የተናገረችው ኋላ፣ ከደረቀ በኋላ ነው። እኔ ለደንበኞች ላስረዳ ስለ ዛፎችና ስለ ህንድ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ነበር። ማንም አልፈለገውም። ሞያሌን ያሳመናት የተረፈው ውሃ ነው።

ከዚያማ ምን ልበልሽ! ባለፈው ቅዳሜ አምስት ሚዜዎች በሦስት ሞተር ተጭነው መጡ። ሻምሳ ናይሮቢ ስትሄድ አሁን ከጨርቁ በፊት ፍሬውን ነው የምትጭነው። የሀላቄ ሚስትም መጥታ፣ «ግንባሩ ላይ ላረፈው ዘር ካሣ ነው ብሎኛል» ብላ በነፃ ታጥባ ሄደች። ፍርዱ ትክክል ስለሆነ ይግባኝ አላልንም።

እጆቿን ግን ልንገርሽ። ጠዋት ጠዋት እንደ ፓስፖርት ተቀብዬ መስኮቱ ሥር ገልብጬ እመረምራቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት መቅላቱ በረደ። በሦስተኛው ስንጥቁ ገጠመ። ጄምስ አይቷት፣ «መድኃኒት አገኘን እንዳትሉ፤ ያዳናት የተወችው ሻምፖ ነው» አለ። ይሁንለት። ማን እንዳዳናት ከማንም ጋር አልከራከርም፤ ልጄ በገዛ እጇ ትበላለች። ታኅሣሥ አለቀ፣ ጥርም እየተገባደደ ነው፤ ቁልፉ አሁንም አንገቷ ላይ ነው።

አንቺም ጸጉርሽን ስትታጠቢበት ዓይንሽን ጨፍኚ። ይህን በጽሑፍ ነግሬሻለሁ፤ አላልከኝም ብለሽ ሃምሳ አራት ዓመት እንዳትሟገቺኝ። የተረፈውን ውሃ ደግሞ ወንዝ አትድፊው፤ በእንዶድ ዓሣ ፈጅተን የተገረፍነው ለሁለታችንም ይበቃል።

ጋሽ ዳኜን ጨው አልባ በሆነ ሰላምታ ሰላም በይልኝ። የልጅ ልጅሽን ኤባን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ዘሮቹን አውጥተሽ ብትሰጪው ብይ ይሆኑታል፣ ብቻ ወደ ሽማግሌ ግንባር እንዳይወረውር። ለጎረቤትሽ ለኢክላስ ከፍሬው አካፍያት፣ ምን እንደሆነ ከመቅመሷ በፊት ንገሪያት። የጋዲሴ እናት ጉልበትሽን ትስማለች።

የጋዲሴን ሰላምታ እኔ አልጽፍልሽም። ፖስታውን መልሰሽ አንሺና እዪው። አድራሻሽን የጻፈው የእኔ እጅ አይደለም። ስምሽ ላይ ጥቂት ተንቀጥቅጧል፣ ዲላ ሲደርስ ግን ቀጥ ብሏል። ውስጥ ደግሞ ለብቻሽ ያጠፈችው ወረቀት አለ። ሁለት መስመር ነበር የጠየቅሽው፤ አሥራ አንድ ነው። አላነበብኩትም፤ መቁጠር ብቻ ነው የቆጠርኩት።

ወንድምሽ ወልደየሱስ
ሞያሌ፣ ኬንያ
ጥር ፳፪ ቀን ፳፻፰ ዓ.ም.
(እዚህ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የፈረንጅ ቀን መቁጠሪያ ከእናንተ በስምንት ዓመት ቀድመናል፤ የቧንቧ ውሃው ግን ገና አልደረሰንም።)