በምላጭ ስለተተለተሉት ካፖርቶች ለዘላቂነት ዳይሬክተራችን

ለተከበሩ የልብስ ፋብሪካችን የዘላቂነት ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። በተለይ ስለ ወገብዎ አስባለሁ፤ የዓመቱን የአካባቢ ተቆርቋሪ ሽልማት ሲቀበሉ፣ ጭብጨባው እስኪያልቅ ሰባት ጊዜ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሱ በቴሌቪዥን አይቼ፣ በዚህ ዕድሜ እንዲህ መታጠፍ ጉዳት እንዳያመጣብዎ ሰግቼ ነበር። እኔ በፋብሪካው የጥገና ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። ፊቴን ላያስታውሱት ይችላሉ፤ ክፍላችን ምድር ቤት ስለነበር እርስዎን የመሰለ ሰው እዚያ ድረስ ይወርዳል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

ምስጋናዬን በአደባባይ የምጽፈው፣ በፖስታ ብልከው ጸሐፊዎ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል ብዬ ስለፈራሁ ነው። በስብሰባ ላይ ሁሉም ነገር በቁጥር ይቅረብልኝ ማለት ስለሚወዱም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምላጮቹ አመሰግናለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት ሳይሸጡ የቀሩ አንድ መቶ አርባ ካፖርቶች ወደ ክፍላችን ወርደው ነበር። አንዳቸውም እንከን አልነበራቸውም፤ ሱፋቸው ወፍራም፣ ገበራቸው ድርብ፣ ቁልፎቻቸው ሙሉ ነበሩ። ጥፋታቸው ቀለማቸው ብቻ ነበር፤ የሰናፍጭ ቀለም ካለፈው ወቅት ጋር አብሮ ማለፉን ቢሮዎ በጽሑፍ አሳውቆናል። ትእዛዙም የእያንዳንዱ ካፖርት ጀርባ፣ ደረትና አንድ እጅጌ በምላጭ ተተልትሎ በጥቁር ላስቲክ እንዲጣል ነበር፤ ምክንያቱም «ማንም ተራ ሰው ለብሶት የድርጅቱን ስም እንዳያወርድ» የሚል ነበር። ዕድሜያችንን ሙሉ ቀዳዳ ስንደፍን ለኖርን ዘጠኝ ሰዎች ቀዳዳ የመክፈት ዕድል ስለሰጡን ምን ያህል እንደተከበርን መግለጽ ይቸግረኛል።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሜትር ከአንገታቸው ስለማይወርድ «ጋሽ ሜትር» የምንላቸው ቆራጭ፣ ምላጩን ተቀብለው ብዙ ቆይተው አዩት። ከዚያም አንዱን ካፖርት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ በጠመኔ መስመር አስምረው፣ የጨርቁን ክር ተከትለው ቀጥ አድርገው ቀደዱት። ምን እያደረጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው ቀና ሳይሉ፣ «ልጄ፣ መቅደዱ ካልቀረ ሊሰፋ በሚችልበት በኩል ልቅደደው» አሉኝ። ሁላችንም እንደ እሳቸው ቀደድን።

ሁለተኛ፣ የኃይል ቁጠባ ዘመቻዎን ከእኛ ክፍል ስለጀመሩ አመሰግናለሁ። የማሞቂያው ቧንቧ በእኛ በኩል አልፎ ወደ ቢሮዎ እንደሚወጣ ያውቃሉ። ለእኛ ክፍል ሙቀት የሚሰጠው መዝጊያ በተዘጋ በሁለተኛው ሳምንት ጣታችን መርፌ መያዝ አቃተው፤ እርስዎ ደግሞ ሙቀቱ በዝቶብዎ መስኮት ከፍተው ሲሠሩ ከግቢው እናይዎ ነበር። ስለዚህ ዘጠኝ ካፖርቶች ከላስቲኩ አውጥተን በምሳ ሰዓታችን ሰፋናቸው። ከሰናፍጩ ጋር የሚሄደው ክር ግምጃ ቤት ተቆልፎበት ስለነበር፣ ከየስፌት መኪናው የተራረፈውን ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ክር ተጠቀምን። ስፌቱ ከሩቅ እንደ ጠባሳ ይታይ ነበር። እውነቱን ለመናገር አፍረንበታል፤ የእኛ ሙያ ስፌቱ እንዳይታይ ማድረግ ነበርና።

ሦስተኛ፣ ወደ ፋሽን ትርኢቱ ስለጠሩን አመሰግናለሁ። «ምንም አይጣልም» የሚል ርእስ የተሰጠው የአዲሱ ወቅት ትርኢት በአሮጌው መጋዘን ሲካሄድ፣ የኋላ ወንበሮች ባዶ ሆነው በካሜራ እንዳይገቡ የጥገና ክፍል ሰዎች መጥተው ይቀመጡ ተባልን። መጋዘኑ ስለሚበርድ ካፖርቶቻችንን ደርበን መጣን። ጥበቃው በዋናው በር የሚገባው እንግዳ ብቻ ነው ብሎ በጎን በር መራን። ያ በር ከመጋረጃው ጀርባ እንደሚያስገባ፣ መጋረጃውም ወደ መድረኩ እንደሚያወጣ እሱም አላወቀ፣ እኛም አላወቅን።

መብራቱ ዓይናችንን አጥበረበረው። ሙዚቃው ይደልቃል። በግራና በቀኝ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ወደ ኋላ እንዳንመለስ ሞዴሎቹ ተሰልፈው መንገዱን ዘግተውታል። ከፊት የነበሩት ጋሽ ሜትር፣ ሰው ያለበት ገብተው ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይሆንላቸውምና፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው በግራም በቀኝም አንገታቸውን እየሰበሩ «እንደምን ዋላችሁ፤ ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያሉ እስከ ጫፍ ድረስ ሄዱ። እኛም ተከተልናቸው። ጫፉ ላይ መውረጃ ደረጃ ስላልነበረ ጨንቆን ቆምን። ያን ጊዜ ነው አዳራሹ በጭብጨባ የተናጋው።

አራተኛ፣ ስለ ንግግርዎ፤ ከሁሉ የላቀው ምስጋናዬ ለዚህ ነው። አንዲት ጋዜጠኛ ይህ የማን ሐሳብ እንደሆነ ስትጠይቅ፣ እርስዎ ከፊት ወንበር ተነሥተው ማይክሮፎኑን በመያዝ፣ «የእኔ ነው። ሊጣሉ የነበሩትን ካፖርቶች በገዛ እጄ አውጥቼ ለሠራተኞቼ ሰጠኋቸው፤ ሰፍታችሁ ልበሷቸው፣ የእናንተ ናቸው አልኳቸው» ብለው በካሜራዎቹ ፊት ተናገሩ። ይህን ሲሉ መድረኩ ላይ ወጥተው እጅዎን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ነበር። እንዲህ ያለውን ድርሰት ያለ ምንም ዝግጅት ከአፍ ማውጣት ለሁሉም አይሰጥም።

አምስተኛ፣ ለፋሽኑ ዓለም ስላበረከቱት አስተዋጽኦ። ከዚያ ቀን ወዲህ በላይኛው ፎቅ አዲስ ሱፍ እየተሸመነ፣ አዲስ ካፖርት እየተሰፋ፣ አዲሱ ካፖርት በምላጭ እየተተለተለ፣ ተመልሶ በቀይ ክር እየተሰፋ «ጠባሳ» በሚል ስም በሦስት እጥፍ ዋጋ ይሸጣል። የቀሩት አንድ መቶ ሠላሳ አንድ ካፖርቶች ግን በዚያው ሳምንት ከግቢው ጀርባ ተቃጥለዋል። ምንም እንደማይጣል ቃል ገብተው ነበር፤ በእርግጥም አልተጣሉም።

ስድስተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ግን በቁጥር ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ።

የእኛዎቹ ዘጠኝ ካፖርቶች በመስታወት ሣጥን ለዕይታ ይቀርባሉና መልሱ ተባልን። ስምንታችን መለስን። ጋሽ ሜትር ግን የእሳቸውን በጠዋት ብርድ መንገድ ዳር አትክልት ለምትሸጠው ታናሽ እኅታቸው ሰጥተዋት ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው «ከላይዋ አስወልቀው ያምጡ» ቢላቸው፣ «እሱን እንኳ ከእኔ አትጠብቅ» አሉት። በሦስተኛው ቀን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ከሠሩበት ፋብሪካ «የድርጅቱን ንብረት ሰርቀው በመገኘትዎ» የሚል የስንብት ደብዳቤ በፊርማዎ ደረሳቸው። ደጋግመው አነበቡት። ከዚያ «ሌባ ተብዬ ምን ብዬ ቤቴ ልግባ?» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው አለቀሱ። ሜትሩን ከአንገታቸው ሲያወርዱ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ጉዳዩ ወደ ሥራ ክርክር ችሎት ሄደ፤ እኔም ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። የእርስዎ ጠበቃ ካፖርቶቹን ማን እንደሰጠን ጠየቁኝ። ማንም አልሰጠንም ብል ጋሽ ሜትር ሌባ ሊሆኑ ነው፤ ዳይሬክተሩ ሰጡን ብል መሐላዬን ማፍረሴ ነው። ዞር ብዬ ሳያቸው፣ «እኔን ብለሽ እንዳትዋሺ» የሚል በሚመስል ዓይን አዩኝ። ስለዚህ «ክብርት ሆይ፣ ይህን ከእኔ ይልቅ ዳይሬክተሩ ራሳቸው አሳምረው ተናግረውታል» ብዬ የንግግርዎን ቪዲዮ ከስልኬ ከፈትኩ።

ዳኛዋ ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያም ወደ ጠበቃዎ ዞረው፣ «ደንበኛዎ እዚህ ላይ የሚናገሩት እውነት ነው ወይስ ውሸት?» አሏቸው። ጠበቃዎ የአሥር ደቂቃ ዕረፍት ጠይቀው ስልካቸውን ይዘው ወጡ። ከእርስዎ ጋር ምን እንደተነጋገሩ አላውቅም፤ የማውቀው ለሽልማቱ አራት ቀን ብቻ እንደቀረው ነው። ጠበቃው ፊታቸው ቀልቶ ተመለሱና፣ «እውነት ነው፤ ሰጥተዋቸዋል» አሉ። ስንብቱ ተሻረ፤ ሌብነት የሚለው ቃል ከጋሽ ሜትር ማኅደር እንዲፋቅ ተወሰነ። ለአንድ ድሃ ቆራጭ ሲሉ ቃልዎን ባለማጠፍዎ፣ ሳያስቡት የቆሙልን ምርጥ ምስክር ሆነዋል።

ጋሽ ሜትር ወደ ሥራ ተመለሱ፤ እርስዎም ለክብራቸው ሲሉ ላይኛው ፎቅ መደቧቸው፤ አዲስ ካፖርት እንዲተለትሉ። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ምላጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «እኔ ይኼን አልችልበትም» ብለው የሥራ ልምድ ደብዳቤያቸውን ጠየቁ። እኔም የእኔን ጠየቅሁ። አሁን ሁለት የስፌት መኪና ይዘን አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተናል። ዛሬ ጠዋት ያስረከብነው የአንድ ሾፌር ሱሪ ነው፤ ጉልበቱን ስንጠግነው አራተኛ ጊዜያችን ነው። ሰውየው እዚያው ለብሶት ቁጭ ብድግ ብሎ ሞከረውና፣ «ገና ብዙ ይሄዳል» ብሎን ወደ ሥራው ሮጠ። ስለ ዘላቂነት እንደ እርስዎ ያለ ንግግር ግን አላደረገም።

ወቅት በተለወጠ ቁጥር የማይለወጠውን አክብሮቴን በድጋሚ እየገለጽኩ፣ ያልሰጡንን ሰጥቻለሁ ስላሉም ከልብ እያመሰገንኩ፣ ለዘለቄታው ጤናና ዕድሜ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ ትሕትና ጋር፣
የቀድሞዋ የጥገና ክፍል ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በትናንትናው ጋዜጣ ላይ ጣትዎን ወደ ሰማይ ሲቀስሩ የተነሡትን ፎቶግራፍ ተመልክቼ የኮትዎ ብብት መተርተሩን አስተዋልኩ። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት እኛ ዘንድ ብቅ ይበሉ፤ በሚሄደው ክር ስለምንሰፋው ምንም አይታወቅም። ብቻ አደራዎን፣ ማን ሰፋው ብለው ሲጠይቁዎ እኔ ነኝ እንዳይሉ፤ እስቲ መርፌ ላይ ክር ያስገቡልን ቢሉዎ ያፍራሉ ብዬ ነው።