ተረቺ የበላው ማር

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? የአዲስ አበባ ብርድ እንደ ታቻምናው ደረትህን አልያዘህም? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ሁላችንም ደህና ነን። እናትህ ጉልበቷን ያማት ነበር፤ ጠበል ገብታ ተሽሏታል። ቀይዋ ላም ወልዳለች። እኔም ከንዴት በቀር ሕመም የለብኝም። እንግዲህ ሰላምታው ይብቃና ወደ ነገሬ ልግባ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አንብቤ ተናደድኩ፤ አሳድሬ ባነበው የባሰ ተናደድኩ። ቁጣዬ እስኪበርድ ልጠብቅ ብዬ መልሱን አዘገየሁት፤ እሱ ግን አልበርድ አለ። ስለዚህ ከነትኩሳቱ ተቀበለው።

በትምህርት ቤትህ ልጀምር። ያ የሕግ ትምህርት ቤት የተከፈተ ዓመት አብሬህ መጥቼ እንደ ነበር አትረሳውም። የአምበር ከተማው ነጋዴ ሐምዱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለታችንንም በጭነት መኪናው የቆዳ ክምር ላይ አስቀምጦ ዓባይን አሻገረን። ለመንገዱም ምንም አልተቀበለንም። ከእናንተ ቤት ዳኛ ከወጣ ለእኛም ይተርፋል እያለ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ሲስቅ ነበር።

ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ ለተማሪ ተሰጠ ሲባል ሰምቼ፣ ሕግ በእንዲህ ያለ ቦታ መማሩ ደግ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ገብቼስ ምን አየሁ? አንድ ጎልማሳ ፈረንጅ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል። መምህር ነው አልከኝ። ጠረጴዛ ላይ! እኔ ፍትሐ ነገሥት ስማር ከመምህሬ ፊት አንገቴን ደፍቼ ነው እንጂ ቀና ብዬ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ደግሞ ሰውየው አያስተምርም፤ ይጠይቃል። ተማሪው ሲመልስለት «ለምን?» ይላል። ለዚያም መልስ ሲያገኝ ሌላ «ለምን» ያመጣል። አንተ እየተረጎምክልኝ ብሰማው ብሰማው መልስ የሚባል ነገር ከአፉ አልወጣም። ይህ ሰው መልሱ ጠፍቶት ነው ወይስ የተቀጠረበትን ረስቶ ነው ብዬ ጠየቅኩህ። አንተ ሳቅህ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ከዚያ ደግሞ የማስመሰያ ችሎት ብላችሁ ወሰዳችሁኝ። ያልሞተ ሰው ሞተ ብላችሁ፣ ያልገደለውን ከሳችሁ፣ ጥቁር ካባ ለብሳችሁ በእንግሊዝኛ ተሟገታችሁ። ይህንንስ ልጆች ናቸው ብዬ አለፍኩት። ያቃጠለኝ በኋላ የሆነው ነው። ረቺውና ተረቺው ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ምሳ ሊበሉ ሄዱ። ነገር ማለት እኮ ሰው ርስቱን የሚያጣበት፣ ከወንድሙ የሚቆራረጥበት፣ እንቅልፍ የሚነሳው ነው! ተረቺ ከረቺ ጋር አንድ ገበታ የሚቀርብበት ችሎት ምኑ ችሎት ነው? ይህን ስልህም ሳቅህ።

ሕጉስ ቢሆን? ፈረንጅ ያረቀቀው፣ እናንተ በእንግሊዝኛ የተማራችሁት፣ የእኛው የአነደድ ገበሬ በአማርኛ የሚረታበት። ይህን ሁሉ አገር አልፎ የመጣ ሕግ እኛ ዘንድ ሲደርስ ደክሞት አይደርስም ትላለህ?

አምና ለአገልግሎት ዓመትህ እዚሁ እኛው ከተማ ፍርድ ቤት ሲመድቡህ እናትህ እልል አለች። እኔም ከሰው እኩል ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ሳምንት አልዘለቀም። ጠዋት መዝገብ ስታገላብጥ ትውልና ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ ለመጣው ሁሉ በነጻ ሕግ ትነግራለህ። እኛ ጠበቆቹ ዋርካው ሥር ባለጉዳይ እንጠብቃለን፤ ባለጉዳዩ አንተ ዘንድ ተሰልፏል። ባልንጀራዬ ድረስ፣ ያ ጠበቃው፣ ልጅህ እንጀራችንን ዘጋው እያለ በየቀኑ ይነዘንዘኝ ነበር። ታገሥኩ። የወጣት ነገር ነው፣ ያልፋል ብዬ።

ያላለፈው የከሪማ ነገር ነው። የሐምዱን ሚስት ማለቴ ነው። እሱ ሲሞት የእናትህ የአጎት ልጅ ግራዝማች አስማማው መጣና፣ ቤትሽ የተሠራበት መሬት ርስቴ ነው፣ እስላም ደግሞ ርስት የለውም፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ አላት። አልወጣም አለች። ከሰሳት። ጠበቃው እኔ ሆንኩ። ምን ላድርግ? ዘመድ ነው፤ መሬቱም የአባት የአያቱ ለመሆኑ ከእኔ የተሻለ ቆጥሮ የሚያስረዳ የለም። እሷ ደግሞ ወደ አንተ በረንዳ መጣች። ምን እንዳልካት ዛሬ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፣ የቀረውን አባቴ ራሱ ይናገረዋል አልካት። የገዛ አባትህን!

መስከረም ላይ ወደ ትምህርትህ ስትመለስ ያን ወፍራም የፍትሐ ብሔር መጽሐፍ፣ የአማርኛውን፣ መደቡ ላይ ትተኸው ሄድክ። በመካከሉ የስንዴ አገዳ ገብቶበታል። ረስተኸው ይሁን አውቀህ እግዜር ይወቅ። እኔ አልነካሁትም። በእርጅናዬ የፈረንጅ ሕግ አልቆጥርም ብዬ ወስጄ ከእርሻ ዕቃው፣ ከመንሹ ጎን አስቀመጥኩት። ላንብብ ብልስ በምን ዓይኔ? በዚያው ሰሞን መነጽሬ ጠፍቶብኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ የችሎቱ ቀን ደረሰ። እንደ ወጌ ኩታዬን አደግድጌ፣ ዘንጌን ተመርኩዤ ቆምኩ። የእኔን አሟገት ታውቀዋለህ። አባት በመቁጠር እጀምራለሁ፤ ባለርስቱ በመሬቱ ላይ የሆነውን ሁሉ በዓይኑ ማየቱን በመናገር እጨርሳለሁ። ያላየ ባለርስት ባለርስት አይደለምና፣ ድሮም እንዲህ ነው የሚረታው። ከሪማ ጠበቃ የላትም። ነጠላዋን ተከናንባ ብቻዋን ቆመች። ዳኛው ምን ትያለሽ ቢሏት፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ ጌታዬ አለች። ቤታችን ሲሠራ ግራዝማች አይተዋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ዘንጌን አነሣሁና፣

መሠረት ሲቆፈር በዓይኑ ያስተዋለ፣
ቆርቆሮው ሲመታ ከደጁ የዋለ፣
ባለርስት ካልሆነ ባለርስት ማን አለ!

አልኩ። ችሎቱ ሙሉ «ይበል!» አለ። ግራዝማችም ደረቱን ነፋ። ዳኛው ግን ብዕራቸውን አንሥተው፣ ታዲያ ያን ጊዜ አትሥሩ ብለው ተቃውመዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጨዋ ሰው በጎረቤቱ ላይ አይጮህም፣ አይቶ ዝም አለ አልኳቸው። በቃ፣ አለቀ። ዳኛው መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ የመሬቱ ባለቤት እያየ ካልተቃወመ ቤቱ የሠሪው ነው የሚለውን አነበቡና ለከሪማ ፈረዱ።

ግራዝማች ሲወጣ ፊቴ ላይ ሊተፋ ምንም አልቀረውም። ድረስማ ገበያ መካከል ጮኸብኝ። ቤቱ የተሠራ ዓመት ግራዝማች ደጅ ጥናት አዲስ አበባ ነበር በል፣ ማን ይመሰክርብሃል ብዬህ አልነበረም ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከመግባታችን በፊት በጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። ታዲያ ለምን አላልክም ብለህ አንተም እንዳትጨቀጭቀኝ። ግጥም የለመደ ምላስ ቤቱ ወደ መታበት ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አገሩ፣ ልጁ አባቱን በአባቱ ምላስ አሰረው እያለ ይሳለቃል። ትላልቆቹ ባለርስቶች ጉዳያቸውን ወደ ድረስ ወስደዋል። የግራዝማች ሚስት እናትህን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አይታ እንዳላየች አለፈቻት። ዋርካው ሥር ብቻዬን የምውልበት ቀን በዝቷል።

ይህን ሁሉ ከሰው ሰምተህ ነው ያን ደብዳቤ የጻፍክልኝ። አባቴን በአገሩ ፊት አዋረድኩት፣ ይቅር በለኝ ትላለህ። ደግሞ ብለህ ብለህ፣ ሕግ መማሩን ትቼ ባንክ ልቀጠር ነው ትላለህ።

እስካሁን የጻፍኩት ማጉረምረም ነበር። ቁጣዬ ከዚህ ይጀምራል።

ማን ይቅርታ ጠይቀኝ አለህ? ባሏ ለሞተባት ሴት እውነቱን ነግረህ፣ ያንኑ እውነት ከአባትህ አፍ አስወጥተህ፣ አሁን በግ እንደሰረቀ ሰው ትሸሸጋለህ? ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ስረታ ኖሬ በመጨረሻ ብረታ የረታኝ ልጄ ነው። ጠበቃ ከሆንክ በጠበቃ ተረታሁ እላለሁ። ባንክ ገብተህ ወረቀት ስትቆጥር ከዋልክ ግን በማን ተረታሁ ልበል? እኔን ያዋረድከኝ ጥቅምት ላይ አይደለም፤ በዚህ ደብዳቤህ ነው!

ደግሞስ ነገሩ ያለቀ መሰለህ? ያው ሕጋችሁ ከሥሩ ሌላ ቃል አለው። ባለመሬቱ ከቤቱ ወጪ ሩቡን ከፍሎ የቤቱን ባለቤት ማስወጣት ይችላል ይላል። ሙሉ ቤት ሠርታ በሩብ ትውጣ! ይህን የጻፈ ሰው በሰው መሬት ላይ ጭቃ አቡክቶ ያውቃል? ግራዝማች ድረስን ጠበቃ አድርጎ፣ ወይፈኖቹን ለገበያ አውጥቶ ለዚሁ እየተሰናዳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ይከሳል ይባላል፤ ቀጠሮው ደግሞ እንደምታውቀው ክረምቱን ይሻገራል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሪማ ከአምበር አንድ ገንቦ ማር አስጭና መጣች። ተመልከት እንግዲህ። በድሮው ችሎት ማር ስጥ፣ በቅሎ ስጥ እየተባባሉ ሲወራረዱ የሚከፍለው የተረታው ነው። እኔ ተረትቼ ማር መጣልኝ! ይመለስ ብዬ ብቆጣ እናትህ ገንቦውን አንሥታ ጓዳ አስገባችው። ከሪማም ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ወሬ ለመጀመር ያህል አባትሽ ማነው፣ አያትሽስ ብዬ ጠየቅኳት። ቆጠረች፤ ከእኔ ሳታንስ ቆጠረች። ሁሉም አምበር ተወልደው አምበር የሞቱ ናቸው። ግራዝማች አባት ስለ ቆጠረ ባለርስት ነው፤ እሷ እኩል ብትቆጥርም እንግዳ ናት። ዕድሜዬን በሙሉ በዚህ ቆጠራ ስረታበት ኖሬ፣ ያን ቀን መቁጠሩ አፌን መረረኝ። ማሩን የቀመስኩት እሱን ለማጥፋት ነው። የአደይ አበባ ማር ነው፤ መልካም ነው።

ለእሷ እኔ ልቆም አልችልም። የባላጋራዋን ቃል በአፌ ተናግሬ ነበርና፣ ዛሬ ተገልብጬ በእሷ ወገን ብቆም የሚያምነኝ ዳኛ የለም፤ ማመንም የለበትም። ሕጉን ከነጉድለቱ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋታል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ፣ ብወድም ብጠላም፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጡበት ቤት በቀር የሚወጣበት አላውቅም።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ክፍልህ ገብተህ ያን እግሩን የሚያወዛውዘውን መምህርህን ጠይቅልኝ። ለከሪማ መሬቱን የሚሰጣት አንቀጽ የቱ ነው? የለም ካለህ «ለምን?» በለው። ሲመልስልህ ደግመህ «ለምን?» በለው። እሱው ያስተማረህ ጥያቄ ነው፤ እስቲ እሱም ይቅመሰው።

ከሪማን፣ ልጄ ሐምሌ ላይ ተመርቆ ይመጣል ብያታለሁ። ሳላማክርህ ነው ያልኳት፤ አሁንም አላማክርህም።

የአባቶችህ አምላክ ምላስህን ከሐሰት፣ እጅህን ከመማለጃ ይጠብቅልህ። የተገፋ ሲመጣ ደጅህ ክፍት ይሁን። ቅዱስ ማርቆስ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። ስትመጣ አምና የወጣውን የሥነ ሥርዓት ሕግ መጽሐፍ ይዘህልኝ ና፤ የአማርኛውን። ከመንሹ ጎን ቦታ አለ።

እናትህ ጉንጩን ስሜዋለሁ በልልኝ ብላለች። ደግሞም መነጽሩን ያገኘሁት ከመጽሐፉ ውስጥ፣ ከስንዴ አገዳው ጋር ነው፣ ያገኘሁትም ከችሎቱ በፊት በነበረው እሑድ ነው ብለህ ጻፍለት አለችኝ። ይህ ለምን እንደሚጻፍ አልገባኝም። ካልጻፍክ እራት የለም ብላ ከአጠገቤ ስለ ቆመች ግን ጽፌዋለሁ።

አባትህ