የአባትሽ የልብ ኪኒን

ብርቅዬ፣

ስልክሽ አይሠራም። ከጫኖ እንደገባሽ ሆስፒታል ነይ፤ አባትሽ ተኝተዋል። እኔ ጋቢያቸውን ይዤ ተመልሼ ሄጃለሁ።

አንቺ ጋ ያለውን የልብ ኪኒን አምጪው። ሐኪሙ ስንት እንደጎደለ ማወቅ ይፈልጋል።

የታዘዘው በቀን አንድ ነው። ከገረሴ እኛ ቤት ከመጡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጾማቸውን እያስገደፍኩ እሰጣቸው ነበር። አንቺም ካንቺ ጋ ካለው ብልቃጥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደምትሰጫቸው ዛሬ ገና ከእሳቸው ሰማሁ።

አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅኩሽም።

ምግብ ሲያስጠላቸው ጾሙ ነው አልን። «ይሄን ነጭ ግድግዳ ማን ቢጫ ቀባው?» ሲሉኝ ሳቅኩ። ለካ መድኃኒቱ ሲበዛ ዓይንን እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ግድግዳውን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ለምን እንዳልነገሩን ጠየቅኳቸው። «ልጄና ምራቴ የሰጣችሁኝን እንዴት እምቢ ልበል?» አሉኝ።

ሁለታችንንም እየመረቁ ነበር የሚውጡት።

ማህደር