ለመከታ የተቆጠበው መርፌ

እልፍነሽ፣

ላንድሮቨሩ በር ላይ ቆሞ ክላክሱን ያስጮኻል። ለመሠረተ ትምህርቱ ሥራ ፎንቆ ሄጃለሁ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ።

ዛሬ ስድስተኛው መርፌሽ ነው። ክፍል እንደጨረስሽ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ሆዴ ላይ መወጊያ ቦታ ጠፋ ብለሽ እንዳትቀሪ፣ ገና ስምንት ይቀርሻል። መቼም ቁጠባን አንቺን የሚያስተምር የለም! ለውሻ ክትባት መክፈል ብክነት ነው ብለሽ መከታን ከአንድ መርፌ አዳንሽው፤ አሥራ አራቱን ራስሽ ትወጊለታለሽ። እንዲህ ያለ ጓዳዊ መስዋዕትነት ቀበሌያችን አይቶም አያውቅ።

ቆጮና ጎመን ከድኜልሻለሁ።

መከታ ጓሮ እንደታሰረ ነው። የእንስሳት ሐኪሙ ጠብቁት ካለን አሥር ቀን ውስጥ አራት ቀን ቀርቶታል። ጠዋት ውሃውን ጭልጥ አድርጎ ጠጥቷል፤ ያበደ ውሻ እንዲህ አይጠጣም፣ አይዞሽ። ፍርፋሪውን ከሩቅ ወርውሪለት። አጥንት ከያዘ ግን ተዪው! ነገም ደግሜ እቀቅልለታለሁ ብለሽ ከአፉ ስትነጥቂው የሆነውን እጅሽ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ደግሞ።

ከታቢዎቹ ገበያ ሜዳ የመጡ ዕለት፣ "ተዪው፣ እኔ ከኪሴ ከፍዬ አስከትበዋለሁ" ብዬሽ ነበር። ማታ ስትጠይቂኝ ስብሰባ ያዘኝ አልኩሽ።

ስብሰባ አልነበረም። በብሩ ፀጉሬን ተሠራሁበት።

"አምሮብሻል" ብለሽኝም ነበር።

ወይንሸት