የደንበኞችን የእግር ልክ በአደራ የጠበቁት ጓድ ወዬሳ ቡልቻ

ከቀራንዮ ጫማ ሠሪዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለአባላት፣ ለደንበኞችና ለአካባቢው ነዋሪ በሙሉ
ጥር 1979 ዓ.ም.

የማኅበራችን መሥራችና የልክ ክፍል ኃላፊ ጓድ ወዬሳ ቡልቻ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ቤተሰባቸው፣ ጓዶቻቸውና ደንበኞቻቸው በተገኙበት በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል። ሀዘናችን ከባድ ነው። ይሁንና እሳቸውን አንስቶ ፈገግ አለማለት ስለማይቻል፣ ይህ መግለጫ እዚህም እዚያም ፈገግ ቢል አይፈረድብን።

ጓድ ወዬሳ፣ እኛ ጋሼ ወዬሳ የምንላቸው፣ ከቡራዩ ወዲያ ተወልደው በወጣትነታቸው አስኮ በመምጣት የጫማ ሙያ ተማሩ። በ1971 ዓ.ም. ማኅበሩ ሲቋቋም የልክ ክፍሉን ተረከቡ። የልክ ክፍል ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ደንበኛው ካልሲውን አውልቆ ወረቀት ላይ የሚቆምበት ነው። እግሩ ዙሪያውን በእርሳስ ይነደፋል፤ ስሙ፣ ሰፈሩና የእግሩ ጠባይ ይጻፍበታል፤ ከዚያ ሉሁ ቁም ሳጥን ይገባል። ለሚቀጥለው ጫማ ራሱ መምጣት የለበትም፣ መልእክት ይበቃል። የማኅበሩ ዋና ሀብት ቆዳውም መስፊያውም ሳይሆን ይኸው ቁም ሳጥን ነው። ሰው ለጎረቤቱ የማያሳየውን እግር ለጋሼ ወዬሳ ያሳይ ነበርና።

በ1976 ዓ.ም. ከአንድ ወዳጅ ሀገር አንድ ባለሙያ መጡ፤ እዚሁ የተቀጠረ አስተርጓሚም አብሯቸው ነበር። ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት ቅርጽ፣ ማለትም ፎርማ የምንለውን፣ የሚያወጣ ማሽን ለማኅበሩ እንደሚሰጡና በምትኩ የእግር ልኮቹን ሀገራቸው ወስደው ማጥናት እንደሚፈልጉ ገለጹ። ያኔ ሥራው ቀዝቅዞ ነበር፤ ማሽኑ ካልመጣ ማኅበሩ መበተኑ ነው። ከበላይ አካል የመጣው መመሪያ ደግሞ የደንበኞች ስምና ዋናው ሰነድ ከሀገር እንዳይወጣ ያዛል። ጓድ ወዬሳ መላ ዘየዱ። ሉሁን የመስኮት መስታወት ላይ ለጥፈው፣ ንጹሕ ወረቀት ደርበው፣ በብርሃኑ መስመሩን ብቻ አስገለበጡን። ስም የለ፣ ሰፈር የለ። መመሪያው ተከበረ፤ ባለሙያውም ተስማሙ።

ቅጂው ሊታሸግ ሲል ግን አባላችን ጓድ ፀሐዬ አንዱን አንስተው፣ «ይቺ የሰርኬ እግር አይደለችም እንዴ? ስድስተኛዋን ጣት እዩልኝማ!» አሉ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሌላው ተቀብሎ ከጦር ሜዳ እግሩን ቆስሎ የተመለሰ የሰፈራችንን ወታደር ልክ ለየ። ጋሼ ወዬሳ ብቻ አልሳቁም።

«እናንተ ካወቃችሁት ምኑን ደበቅነው?» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ሰርኬን ማን ያውቃታል?»

«አስተርጓሚው እዚሁ ኮልፌ አይደል እንዴ የሚኖረው?»

ቅጂዎቹ እንደገና አንድ በአንድ ተገላበጡ። ሲታይ የሚታወቀው እግር ሁሉ ከጥቅሉ ወጣ። ባለሙያው ቅር ተሰኙ፤ አብልጠው የሚፈልጉት እነዚያን ነበርና። ሊቀመንበራችንም «ማሽኑን ልታስቀርብን ነው!» ብለው ተቆጧቸው። ጓድ ወዬሳ ግን «ባለ እግሮቹ ይጠየቁ» ብለው፣ እኛ ስናጉረመርም ከአስኮ እስከ ቀራንዮ በየቤቱ እየዞሩ ጠየቁ። ወይዘሮ ሰርኬ «ትሂድልኝ! እኔ ያላየሁትን አገር እሷ ትየው» አሉ፤ የሳቸው ተላከ። ወታደሩ አልፈቀደም፤ የሱ ቀረ። ለምን ተብሎም አልተጠየቀም።

በ1977 ዓ.ም. ማሽኑ መጣ። ቃል የተገባው ትልቁ ሳይሆን ትንሹ ነበር፤ ቢሆንም ማኅበሩ በሱ ቆመ። አባላት ዛሬም እንጀራችንን የምናገኘው በዚያው ነው።

ማሽኑ የሚያወጣው ፎርማ በተላኩት ልኮች የተቃኘ ስለነበር ልካችን አይላክ ላሉት ደንበኞች አይሆንም ነበር። ጓድ ወዬሳ ለእነሱ ፎርማውን በእጃቸው እየጠረቡ፣ ሕመሙ አልጋ ላይ እስኪያውላቸው ድረስ ጫማቸውን ራሳቸው ሠሩ። «እምቢ ያለ ሰው ባዶ እግሩን አይሄድም» ይሉ ነበር።

ከቀብሩ ወዲህ ብዙ ደንበኞች «ልካችን በማን እጅ ነው?» እያሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ራሳቸው ሟቹ ባሠለጠኗቸው በጓድ ወርቅአፈራሁ እጅ ይገኛል። የእጅ ፎርማውም ይቀጥላል። ልኬን መልሱልኝ ለሚል ደንበኛ በሩ ክፍት ነው።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጉዲቱ፣ ለልጆቻቸውና አብረዋቸው ወንበር ለተጋሩ የሙያ ጓዶቻቸው ሁሉ ብርታቱን እንመኛለን፤ ሀዘኑ የጋራችን ነው።

የሟች ልክ ለቤተሰቡ ስለሚመለስ፣ የጓድ ወዬሳን የራሳቸውን ሉህ ለወይዘሮ ጉዲቱ አቅርበን ነበር። የባለቤታቸውን እግር መስመር በጣታቸው ዙሪያውን ተከትለው ሲያበቁ፣ «የሰው ሁሉ እዚህ ተቀምጦ የሱ ብቻ ለምን ይውጣ?» ብለው መልሰው ሰጡን።

ሉሁ ከደንበኞቻቸው ጋር ተቀምጧል።