የኮርቢኒያን ምራቅ

ጥር 9
ከጥንቸል ቆዳ ሙጫ ስቀቅል ዋልኩ። ሽታው... ፀጉሬ ውስጥ ሁሉ ገብቷል።
የቤተ መንግሥቱ መስታወት ክፈፍ ከእንጨት ቀራጺው ቤት መጣ። ዛጎል፣ ቅጠል፣ ጥምዝምዝ። አንድ ቀጥ ያለ ቦታ የለውም። የበግ አንጀት ነው የሚመስለው። ይሄን ነው በወርቅ የምንለብጠው? ሙኒክ በሙሉ አብዷል።
ኮርቢኒያን የሟቹን ባሌን የሎሬንስን ወንበር ስቦ ተቀመጠበት። ዋና ሠራተኛ ነኝ ብሎ ነው።

ጥር 17
የወርቅ ለባጮች ማኅበር አለቃ መጡ። «ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣ ሕጉን ያውቁታል። እስከ ፋሲካ ከሙያው ሰዎች አንዱን ካላገቡ ወርክሾፑ ለሌላ ይሰጣል።»
«ማንን ነው የማገባው?»
«ኮርቢኒያን አለልዎት አይደል? እጅዎ ላይ ያለ ሰው!»
እጄ ላይስ አለ። እንደ ኪንታሮት።

የካቲት 2
ዛሬ «አንቺ» አለኝ! እስከ ትናንት «እመቤቴ፣ እርስዎ» ሲል የነበረው። «አንቺ፣ ሾርባው ጨው አንሶታል።» ሠራተኞቹ ሳቁ። ሽንኩርት እያላመጠ ትከሻዬን ነካኝ።
ግን የሎሬንስ ቤት ነው። የእኔም ጉልበት ያለቀበት። እንዴት ነው የምተወው?

የካቲት 20
ክፈፉን ቤተ መንግሥት ሰቀልን። ከፊት ወርቅ፣ ከመጋረጃው ጀርባ የሽንት ሽታ። ጌቶቹ ደጅ መውጣት ይሰንፋሉ።
እልፍኝ አስከልካዩ ሊያዩት መጡ። ኮርቢኒያን ደረቱን ነፍቶ መሀረቡ ላይ እንትፍ አለና ወርቁን ፈተገው! ያደገበት የሰረገላ ወርክሾፕ ልማድ። የሰረገላ ወርቅ በዘይት ስለሚያዝ ዝናብም አይነካው። የቤት ወርቅ ግን በውሃና በሙጫ ነው፤ እርጥብ ነገር ከነካው አለቀለት። ለቀቀ። ከወርቁ ሥር የምንቀባው ቀይ ጭቃ ገጥጦ ቀረ።
«ምንድነው ይሄ?» አሉ እልፍኝ አስከልካዩ።
«እሷ ናት! ሙጫውን ያቀጠነችው እሷ ናት።»
እኔን! በዚያ ምራቅ ባለው አፉ!
ብሩሼን አውጥቼ ጠገንኩት። እልፍኝ አስከልካዩ ቆመው አዩኝ። «የቤተ መንግሥት ሠራተኛ ላይ ማኅበሩ አያዝም» አሉ ሲወጡ። «ክፈፎቻችን በየጊዜው ይላጣሉ። ወርክሾፑን ትተው ይመጣሉ?»

የካቲት 23
ወርቁም ያስጠላኛል፣ ሰውየውም ያስጠላኛል። ወርቁ ግን አያናግረኝም... ቤተ መንግሥት እገባለሁ።
የሎሬንስን ስም ከበሩ ላይ ራሴ ነቀልኩት። አለቀስኩ። የማኅበሩ አለቃ «ይጸጸታሉ» አሉኝ። ይሆናል።

ሚያዝያ 11
ወርክሾፑን ለኮርቢኒያን ሰጡት። ሰማሁ። አንጀቴ አረረ።
ቤተ መንግሥቱ ጣሪያ ሥር ጠባብ ክፍል አለችኝ። ቀኑን ሙሉ የመላእክት ቂጥ በወርቅ ስጠግን ዋልኩ። ይቀፋል።
በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ልተኛ ነው... አልጋው መሐል ላይ፣ እጅና እግሬን ዘርግቼ።