ከራሄል ፊት ያለው ቀንዳም ብስክሌት

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25፣ ከሰ. 9 ሰዓት

ዛሬም ብስክሌት ነጂዎቹ ስምንት ናቸው። ከሰፈራችን ከሻርሆልመን ተነስቶ፣ በፍሌሚንግስቤሪ አልፎ፣ እስከ ዮርድብሩ፤ ከዚያ መመለስ። እነሱ በብስክሌት፣ እኔ ከኋላ በጀማል መኪና። ጀማል ጉልበቱ ከተበላሸ ወዲህ ፔዳል አይረግጥም፤ መለዋወጫ ጎማና ውሃ ጭኖ ይከተላቸዋል። እኔ ጋቢና ነኝ። ዳኛ ይሉኛል። ነኝም።

መንገዱ አላማረኝም። ክረምቱን በረዶው ላይ የበተኑት ጠጠር ገና አልተጠረገም። ዳር ዳሩን ተከምሮ ሰው ይጠብቃል።

ደብተር፣ ስማ። ግርማ አዲስ ብስክሌት ይዞ መጣ። ግርማ የዕድራችን ሰብሳቢ ነው። ስልሳ ሊደፍን ነው። በበጋ ትራያትሎን ልወዳደር ብሎ ተመዝግቧል፤ ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን። ይቅናው። ብስክሌቱ ግን ቀንድ አለው። ከመሪው መሀል ሁለት ዘንግ ወደ ፊት ወጥቷል። ክርኑን ትራስ ላይ ያሳርፍና ዘንጎቹን ጨብጦ ይተኛበታል። ንፋስ ለማምለጥ ነው። ለብቻው ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው፤ አልዋሽም፣ ያምራል። ፍሬኑ ግን እዚያ የለም። ፍሬኑ ዳር ነው፣ ሰፊው መሪ ጫፍ ላይ። ቀንዱን የያዘ ሰው ፍሬን ለመያዝ መጀመሪያ መነሳት አለበት። ተነስቶ እጁን እስኪያደርስ የፊተኛው ጎማ ላይ ወጥቷል።

የባሰው ደግሞ ይኸው። ሰባቱም እርስዎ መሀል ይሁኑ፣ ንፋስ እንዳይመታዎት አሉት። አክብሮት ነው። ትልቅ ሰው ነው፣ ይጠለል ነው። ጉዳቸው! ያ ብስክሌት ወይ ከሁሉ ፊት ነው የሚሄደው፣ ወይ ከሁሉ ኋላ። መሀል ገብቶ የሚተኛ ሰው አይታየውም፣ አይቆምም፣ ከኋላው ላለውም ዓይን አይሆንም።

ከኋላው ማን አለ? ራሄል። ልጄ። ይህን የምትጽፈው።

ከድልድዩ ማዶ አስፋልቱ አንጓጓ። ግርማ ከኮርቻው ኋላ የሰካው የውሃ ጠርሙስ ተስፈነጠረ፣ ራሄል ጎማ ፊት ወደቀ። አለፈችው። እንዴት እንዳለፈችው አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ጀማል፣ ወላሂ ጋሼ፣ ልጅዎ ድመት ናት አለ። አልሳቅኩም።

አሁን እየጻፈች ትስቃለች። መሳቅሽንም ጻፊ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 28፣ ከሰ. 11 ሰዓት

ራሄል ከሥራ መጣች። ፍሌሚንግስቤሪ ሆስፒታል ነርስ ናት። ጫማዋን አወለቀች፣ ደብተሩን አወጣች። ሌላው ሰው ፊደል ሲቆጥር እኔ ጎማ እነፋ ነበር። አላፍርም። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ያልኩትን እንዳለ። ማሳመር የለም።

ግርማ ከሁሉ ኋላ ይሁን አልኩ። ማን ይንገረው አለች። እውነቷን ነው። ጎረምሶቹ ስሙን ሲጠሩ እንኳ አንገታቸውን ይሰብራሉ። የዕድር ሰብሳቢን ጭራ ሁን ብሎ የሚናገር ከየት ይመጣል? እኔ እናገራለሁ አልኩ፤ እኔ እበልጠዋለሁ፣ በሃያ ዓመት።

ያኔ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። እናቴን ማን ላከልን አለችኝ።

 ባለቤቴ ዘውዴ ስታርፍ ሬሳዋን አገር ቤት ለመላክ ወረቀቱን የጨረሰ ግርማ ነው። አውሮፕላን ጣቢያ ሳጥኑን የተሸከመ ግርማ ነው። እኔ በዚያን ቀን የጫማዬን ክር ማሰር አቅቶኝ ነበር፤ ተንበርክኮ ያሰረልኝ እሱ ነው። እንዲህ ላደረገ ሰው እንዴት ተብሎ ነው ክፉ የሚነገረው?

ደግሞ ፎቶው አለ። ሳሎን ግድግዳ ላይ። እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የፋብሪካው ክለብ ማልያ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል። ክርኔ መሪው ላይ፣ አገጬ ጎማውን ሊነካ። ያኔ ቀንድ የለም፤ እንዲያው ነው የምተኛው። እዚህ ቤት የገባ ሁሉ አይቶታል። ለሁሉም አውርቻለሁ። ያወራሁት ግማሹን ነው።

ግማሹን ማለት ምን ማለት ነው አለች ራሄል። ምንም። የጋራ ልብስ ማጠቢያው፣ የትቬትስቱጋው ተራሽ ደርሷል፣ ሄደሽ ልብስሽን እጠቢ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2፣ ከሰ. 8 ሰዓት ተኩል

ጽሑፉ ዛሬ ያዘመመው የራሄል ክርን በፋሻ ስለታሰረ ነው።

ጠዋት ንፋስ ነበር። የጎን ንፋስ። ዮርድብሩ መጋዘኖቹ ጋ ትልልቁ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ንፋሱ ይቋረጥና መልሶ ይመታል። የግርማ ቸርኬ ሰፊ ነው፣ እንደ ሸራ ንፋስ ይቀበላል። ቀንዱን ጨብጦ ሲወዛወዝ ከኋላ አያለሁ። ጀማልን አየኸው ስለው፣ አየሁት ጋሼ፣ አላህ ይጠብቀን አለኝ። ከዚያ በኋላ ቀልድ አልመጣለትም።

ጉድጓድ ሲመጣ በእጅ ማሳየት ነው፣ ባጭሩ መጮህ ነው። ጉድጓድ! በቃ። እርስ በርስ እንደዚያ ያደርጋሉ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው። ለግርማ ሲሆን፣ ጋሽ ግርማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ጉድጓድ ነገር አለች። ይህ ተብሎ ሲያልቅ ጉድጓዱ ከኋላ ነው።

ስንመለስ ጫካው ጋ ሚዳቋ ወጣች። ሩቅ ነበረች። ፊት ያሉት አራቱ እጃቸውን አነሱ፣ ቀስ አሉ፣ ቆሙ። ግርማ ተኝቷል። አንገቱን ደፍቷል። ቀና ሲል ረፍዷል። አንድ እጁን ከቀንዱ ወደ ፍሬኑ ሲወረውር ብስክሌቱ ተጠማዘዘ፣ ኋላው ተወረወረ። የራሄል ጎማ ነካው። ጠጠሩ ውስጥ ገባች። ወደቀች።

ጀማል ሳይቆም በሩን ከፈትኩ።

ተነሳች። ክርኗ ተልጧል፣ ሄልሜቷ ተጭሯል። ግርማ አመድ መስሏል። ልጄን፣ ልጄን እያለ አቧራዋን ያራግፋል። ሌሎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ፣ ሚዳቋዋ ናት አለ። ሌላው፣ አዎ ሚዳቋዋ፣ እግዜር ነው ያወጣሽ አለ። ሦስተኛው ቀለሟን ሳይቀር ተናገረ። ግርማም ሚዳቋዋ ናት አለ።

ሚዳቋዋ ከተሻገረች ቆይታለች። አራት ሰው አይቷት በሰላም ቆሟል።

ስማ፣ ደብተር። ያንን ወሬ አውቀዋለሁ። እንዴት እንደሚወለድ አውቃለሁ። መጀመሪያ አንድ ሰው ይለዋል። ማታውን ሁሉም ያየው ይመስለዋል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፣ ከሰ. 10 ሰዓት

ግርማ ሊጠይቃት መጣ። ብርቱካን ይዟል። ትከሻዬን ሳመ። ፎቶው ሥር ተቀመጠ።

ጀመርኩ። ያ ብስክሌትህ አልኩት። ለብቻህ ስትሆን ጥሩ ነው፣ ከሰው ጋር ግን...

ሳቀ። ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። "ጋሽ ወርቁ፣ እኔ እኮ ይህን ፎቶ አይቼ ነው የገዛሁት! እርስዎ ጣርማ በርን ያለ መደገፊያ ተኝተው ወርደው፣ እኔ በመደገፊያ ምን እሆናለሁ?"

 ደስ አለኝ። ጻፊው፣ ደስ አለኝ። በሰማንያ ዓመቴ ሰው እኔን አይቶ ብስክሌት ገዛ። ከዚያ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ተውኩት።

ቅዳሜ ረጅሙን መንገድ ነው አለ። ትልቁን ቁልቁለት። እኔ አውቀዋለሁ፣ ሥሩ አደባባይ ነው፣ መኪና ከአራት በኩል ይገባል። ለውድድሩ መልመድ አለብኝ፣ እዚያ ተኝቼ ነው የምወርደው አለ። ደግሞ ወደ ራሄል ዞሮ፣ አንቺ ከኋላዬ ስትሆኚ ልቤ ያርፋል፣ ቦታሽን ለማንም እንዳትሰጪ አላት። እሺ ጋሽ ግርማ አለች። ልጄ እሺ አለች።

እኔስ? በሩ ድረስ ሸኘሁት። ስለ ብርቱካኑ እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ይኸው ነው የተናገርኩት። ወርቁ፣ ማንንም የማይፈራው ወርቁ፣ ስለ ብርቱካን አመስግኖ በሩን ዘጋ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ከሰ. 9 ሰዓት

ራሄል፣ ዛሬ ብዕርሽን አታቁሚ። ምንም ብል አታቁሚ።

ሽመልስ የእናትሽ ወንድም ነው። ታናሿ። አንቺ አልደረስሽበትም። ቁልቁለት ላይ ውሻ ገብቶበት ሞተ ተብለሽ ነው ያደግሽው። እኔ ነኝ ያልኩሽ። ለሁሉም ያልኩት እኔ ነኝ።

ልምምድ ነበር። ስድስት ነን። ከጣርማ በር ወደ ታች፣ ጉም አለ፣ አስፋልቱ ረጥቧል። እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሽመልስ ከጎማዬ ኋላ፣ አንድ ክንድ አይሞላም። አትተኛ ተብያለሁ። አሰልጣኙ መቶ ጊዜ ነግሮኛል፤ ለብቻህ ስትሆን ተኛ፣ ሰው መሀል ግን እጅህ ፍሬን ላይ ይሁን ብሎኛል። ተኛሁ። ሰው እንዲያየኝ ነው። ፎቶው ከተነሳ ወሩ አልሞላም፤ ያንን ፎቶ መሆን ፈልጌ ነው።

ፊተኛው ኩርባው ላይ ፍሬን ነካ። የኔ እጅ ሩቅ ነው። ተነሳሁ፣ መሪው ተጠማዘዘብኝ፣ እንደ ምንም ያዝኩት። ዳንኩ። ሽመልስ የኋላ ጎማዬን ነካ። ድምፁ ትንሽ ነበር። እንደ ክር መበጠስ። ዞሬ ሳይ ኩርባው ላይ ሽመልስ የለም፤ ከሥሩ ገደል ነው።

ለእናትሽ ውሻ አልኳት። ምን ዓይነት ውሻ ነው አለችኝ። ቡላ አልኩ። ከአፌ ወጣ። ዕድሜዋን ሙሉ ቡላ ውሻ ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። እዚህ አገር እንኳ፣ ሊፍት ውስጥ፣ በገመድ የተያዘውን። አንቺም አይተሻል። ለምንድን ነው ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ውሻ አልነበረም።

ራሄል ቆመች። እንደቆምሽ ጻፊ።

ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧው ብዙ ፈሰሰ። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ፊቷ እርጥብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። እናቴ ሳታውቅ ነው የሄደችው አለች። ሳታውቅ ነው።

እርስዎ ነገ ይህን ለነሱ ይናገራሉ አለች። በግርማ ፊት፣ በሁሉም ፊት። እኔ ወለሉን አየሁ። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ነው ይህ ወሬ፤ እኔን ሰው ያደረገኝ ያ ፎቶ ነው። ለአንቺ ነገርኩሽ አልኳት፣ ለደብተሩ ነገርኩ።

"ለደብተር መንገር ቀላል ነው፣ አባባ። ደብተር ብስክሌት አይነዳም።"

ነገ ቦታዬ ከጋሽ ግርማ ኋላ ነው አለች። ቃል ሰጥቻለሁ አለች። አሁን ብዕሩን ልትከድን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ጠ. 2 ሰዓት

ዛሬ የሚጽፈው እጅ የጀማል ነው። መኪና ውስጥ ነን፣ ሻርሆልመን፣ መነሻው መኪና ማቆሚያ። አልተኛሁም። ሳይመጡ መጣን። ጀማል የኔ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነው ይላል። አንባቢው እኔ አይደለሁም፣ ጻፍ።

ፎቶውን ከግድግዳው አውርጄዋለሁ። ጭኔ ላይ ነው፣ በትራስ ልብስ ተጠቅልሎ። ጀማል ምንድን ነው አለኝ፤ ውሻ ነው አልኩት። አየኝና መጻፉን ቀጠለ።

እየመጡ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ግርማ መጣ፣ ቀንዱ ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ሰገዱለት። እንደ ወትሮው እርስዎ መሀል አሉት፣ ገባ። ራሄል መጣች። ወደ መኪናው አላየችም። ሰላም አላለችኝም። ክርኗ አሁንም በፋሻ እንደታሰረ ነው። ከግርማ ኋላ ቆመች።

የምለውን አውቃለሁ። ሌሊቱን በቃሌ ይዤዋለሁ። መጀመሪያ ፎቶው። ከዚያ፣ ውሻ አልነበረም። ከዚያ፣ ግርማ፣ ከሁሉ ኋላ፤ ወይም ክርንህን አንሳና እጅህን ፍሬን ላይ አድርገህ ሂድ፣ ምርጫው ያንተ ነው። ይህን የምልህ ልጄ ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ ሰው ገድዬ ስለማውቅ ነው። ቢቀየመኝ ይቀየመኝ። ነገ ሬሳዬን የሚልክ ቢጠፋ እዚሁ ቅበሩኝ።

ሄልሜት አሰሩ። ፊተኞቹ ጫማቸውን ፔዳሉ ላይ አስገቡ። ግርማ ተኛ። ገና ሳይነሳ ተኛ!

ራሄል አንድ እግሯን አስገባች። ሌላው መሬት ላይ ነው። ሁሉም አስገብተዋል፣ የሷ መሬት ላይ ነው። አሁን ወደ መኪናው አየች።

ጀማል፣ ክላክስ ምታ። አጥብቀህ ምታ። መኪናውን ወስደህ ከፊታቸው አቁመው፣ መንገዱን ዝጋው። መጻፉን ተው፣ ዱላዬን አቀብለኝ፣ በሩን